ቀረጥን ማን ይወስነዋል? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

በትራንዚተርነት፣ ማለትም የሰውን የገቢ ዕቃ ጉምሩክ በማስጨረስ፣ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠያቂዎቹን በየከተማቸው ስም እየጠራሁ የምችለውን እመልሳለሁ። አደራ፣ የዕቃውን ኤች ኤስ ኮድ (ጉምሩክ ዕቃን የሚመድብበትን ቁጥር) ሳትይዙ «ቀረጡ ስንት ነው?» አትበሉኝ።

ደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ቀረጡ 35 በመቶ ከሆነ ዕቃው ለምን እንዲህ ይወደዳል?

መልስ፦ ቀረጥ ብቻውን አይመጣም። ማጓጓዣና ኢንሹራንሱን ጨምሮ 100 ብር የሆነ ዕቃ ያዝ። ከቀረጥ ጋር 135። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 155.25። በዚህ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር)፤ 170 ብር ከ78 ሳንቲም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ምጣኔው ሳይነካ በብር የሚከፈለው ቀረጥ አብሮ ወጣ።

ሸዋ ሮቢት፦ የመኪናስ ስንት ነው?

መልስ፦ የትኛው መኪና? ኮድ አምጡ ብያለሁ።

መሐል ሜዳ፦ እኛ መንዞች ከበግ ጠጉር ባና (ወፍራም ብርድ ልብስ) እንሠራለን። የውጭ ብርድ ልብስ ገበያችንን ዘጋው። ቀረጡ ለምን አይጨመርበትም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ታሪፉን (የቀረጥ ምጣኔውን ዝርዝር) የሚያዘጋጀው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ ጉምሩክ ይሰበስባል። ክር ፈታዩ ፋብሪካ የውጭ ክር ቀረጥ ይጨመር ይላል። ሸማኔው ይቀነስልኝ ይላል። ልብስ ሰፊው ጨርቁ ይቀነስ፣ ያለቀለት ልብስ ይጨመር ይላል። የአንዱ ምርት የሌላው ጥሬ ዕቃ ነው። ፋብሪካዎች ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይሰበሰባሉ፤ «ሠራተኛ እንበትናለን» ሲሉ ይደመጣሉ። እናንተ ግን በየቀበሌው ተበትናችኋል። ገዢውም ጥቂት ብር ተጨመረብኝ ብሎ ሥራውን ጥሎ አቤት አይልም። በማኅበር ተደራጁ። ወጪያችሁን አስልታችሁ ሂዱ።

ደብረ ሲና፦ ድሃው በብርድ ይለቅ ነው የምትሉት?

መሐል ሜዳ፦ ባና ሠሪውስ ሀብታም ነው እንዴ? ባና እኮ ከአባት ለልጅ ይተርፋል።

ደብረ ሲና፦ መግዣው ከየት ይምጣ? ቀረጥ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ኮንትሮባንዱ ይብሳል።

መልስ፦ የኮንትሮባንዱ ነገር እውነት ነው። የቀረጡ ከፍታ የኮንትሮባንዲስቱ ትርፍ ነው። ለዚህ ነው መንዞችን «የብርድ ልብሱ ይጨመር» ከማለት «የጠጉር ማበጠሪያና መፍተያ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ ይግባልን» በሉ የምለው። ገዢውን አይጎዳም፤ ሥራችሁን ያፈጥናል።

ደብረ ብርሃን፦ በአፍሪካ ነጻ ንግድ ስምምነት ቀረጥ ይቀራል?

መልስ፦ ከአፍሪካ ለሚመጣ፣ የሥሪት አገር ማስረጃ ላለው ዕቃ ቀስ በቀስ። የቻይናን ብርድ ልብስ አይመለከትም።

ሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ መኪናው ያገለገለ ቶዮታ ነው።

መልስ፦ የስንት ዓመት? ስንት ሲሲ? በ2012ቱ አዋጅ የአሮጌ መኪና ኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ከቀረጥ ሌላ የሚጣል ግብር) እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ደግሞ በ2016 ተከልክሏል። ኮዱን ሳታጣራ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍል።