ስፖንጁን እንዳታጥቢው

እህቴ፣ እዚያው ጅማ ውስጥ ከሄርማታ ወደ ጂሬን ቤት ልትቀይሪ እንደሆነ ጽፈሻል። የ80 ሊትሩን አኳሪየም ሙልጭ አድርጌ አጥቤ ብወስደው ዓሦቹ ይተርፋሉ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እባክሽ እንዳታጥቢው። ዓሦቹን የሚገድላቸው መንገዱ ሳይሆን እጥበቱ ነው።

እኔ ከቆጪ ስንለቅ አዲስ ቤት ንጹሕ ነገር ይዤ ልግባ ብዬ ነበር። ጠጠሩንም የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅም ቧንቧ ስር አድርጌ ጥርት እስኪል አጠብኩት። አኳሪየሙ ሲሞላ መስታወት መሰለ። በአራተኛው ቀን ግን ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አየር ይለምኑ ጀመር። በሳምንቱ ከዘጠኙ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ልጄ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዙ ነው። ፊልተር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ስለሆነ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬት ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ፍጥረታት ውሃው ውስጥ አይንሳፈፉም፣ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ያ ቡናማ፣ የሚያሟልጭ ነገር ለእኛ ቆሻሻ ይመስለናል፤ ለዓሦቹ ግን ሕይወታቸው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድላቸዋል። እንደገና እስኪባዙ ብዙ ሳምንት ይፈጃል።

ከደረቁ ይሞታሉ። አየር ካጡም ይሞታሉ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ፊልተሩን ከነውሃው ዘግተሽ ግማሽ ቀን ካቆየሽው ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ባክቴሪያዎቹ ሞተው ይበሰብሳሉ።

ከዚያ ወዲህ ወደ አጂፕ ስንዛወር አንድም ዓሣ አልሞተብኝም። ስፖንጁን አውጥቼ የአኳሪየሙን ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። በፓወር ባንክ የሚሠራ፣ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋ ትንሽ ኤር ፓምፕ ጨመርኩበት። ባጃጅ ላይ በጉልበቶቼ መሃል ይዤው ሄድኩ። ማታ መብራት ጠፋ፤ ኤር ፓምፑ ግን እስኪነጋ ሠራ። እንደኔ ከሆነ ፊልተር ከመግዛትሽ በፊት እሱን ግዢ።

ዓሦቹን ለብቻቸው በሌላ ባልዲ አድርጊያቸው። ከመነሳትሽ አንድ ቀን በፊት ምግብ አትስጫቸው፣ መንገድ ላይ ውሃቸውን እንዳያበላሹ። ጠጠሩ እርጥብ ሆኖ ይሂድ። አኳሪየሙን ግን ውሃ እያለበት አታንሺው፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ስለሚያንገጫግጭ ባልዲዎቹን ከግማሽ በላይ አትሙዪ። የድሮውን ውሃ ሁሉ በጄሪካን ለማመላለስ አትድከሚ፣ ባክቴሪያው እዚያ የለም። ዓሦቹ እንዳይደነግጡ ግማሹ ይበቃል። የምትጨምሪውን አዲስ ውሃ ከመድረስሽ በፊት ክሎሪኑ እንዲወጣ ቢያንስ 24 ሰዓት በክፍት ባልዲ አስቀምጪው።

ስትደርሺ ሶፋው ቦታውን ሳይይዝ ፊልተሩን ሰኪው። ለአንድ ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ቀንሺ። በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሩብ ያህል ቀይሪ። ዓሦቹ ላይ ወጥተው ሲተነፍሱ ካየሽ ሳታመነቺ በዚያው ቀን ውሃውን ቀይሪ።

ፊልተርሽ አኳሪየሙ ውስጥ የሚገባው ነው ወይስ ውጭ የሚቀመጠው? ውጭ የሚቀመጠው ከሆነ አነሳሱ ትንሽ ይለያል፣ ንገሪኝና እጽፍልሻለሁ።