ላውንጁን ልተወው ወይስ ልቆይ?

አንዲት የጎንደር ልጅ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «በሆቴል መስተንግዶ ከኮሌጅ ተመርቄ ፒያሳ አካባቢ ባለ ላውንጅ በአስተናጋጅነት ተቀጠርኩ። ደንበኛው ያጨበጭባል፣ ይቆጣል፣ ሒሳብ ላይ ይጨቃጨቃል። ባለፈው ሁለት ሰዎች ሳይከፍሉ ስለወጡ ከደመወዜ ይቆረጣል ተባልኩ። ትቼው የቢሮ ሥራ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ከደመወዙ ልጀምር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም አንቺ ራስሽ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ አይበልጥም። እንግዲህ ወረቀት አቅርበው «ፈርሚ» ቢሉሽ፣ መጀመሪያ የሥራ ደንቡን አሳዩኝ በይ።

ወደ ደንበኛው ልምጣ። ጭብጨባው ያማል፣ አልክድም። ግን ሰው መቼ እንደሚያጨበጭብ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ፋሲል ግቢን ሲዞር ፀሐይ የመታው እንግዳ መጥቶ ጥብስ ያዝዛል። ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ወደ ጠረጴዛው ዝር የሚል የለም። ዓይንሽን ሲፈልግ አንቺ ደግሞ ጥብሱ ስላልደረሰ ዓይኑን ትሸሺያለሽ። ያኔ ረሱኝ ብሎ ያጨበጭባል። ቀደም ብለሽ ሄደሽ «ጥብሱ ገና አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፣ እስከዚያ ውኃ ላምጣልዎ?» ብትይው አብዛኛው ሰው ይታገሣል። የማይታገሥም አለ፤ እሱን ለሱፐርቫይዘሩ ተዪው።

ሺፍት ስትገቢ ሜኑ ከማንሳትሽ በፊት ኪችን ሂጂና «ዛሬ ምን የለም?» ብለሽ ጠይቂ። ዓሣ መርጦ የተዘጋጀን ሰው ተመልሰሽ «አልቋል» ከማለት ገና ሲቀመጥ መንገር ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሽሮው ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ከሠራችው ሴት አፍ ስሚ። በግምት «ጾም ነው» ብለሽ ጿሚው ቅቤ ከቀመሰ ያንን ሰው ዳግም አታይውም፤ ጓደኞቹንም ይዞ ይቀራል።

የሒሳቡ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቤቱ ነው። ሜኑው ላይ 400 ብር ያየ ሰው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ሲደመርበት ከ500 ብር የማያንስ ደረሰኝ ይመጣለታል። ዋጋው እነዚህን የማይጨምር ከሆነ ሲያዝ ንገሪው።

እጅሽን የሚይዝ፣ ጃምቦ በደገመ ቁጥር አፉ የሚበላሽ ሰው ግን መስተንግዶ የሚገባው ደንበኛ አይደለም። ጠረጴዛውን ወንድ አስተናጋጅ ይያዘው፤ ኃላፊሽም ይወቅ። ኃላፊሽ «ደንበኛ ነው፣ ቻይው» ካለሽ ሌላ ቤት መፈለግ ጀምሪ። የምትለቂበት ምክንያት ይህ ይሁን እንጂ ጭብጨባው አይሁን።

የቢሮ ሥራ ያልሽው ፈተናና ወረፋ አለበት፤ ማመልከቱን አልከለክልሽም። እኔ ብሆን ግን ጥምቀትን ሳላይ ከሙያው አልወጣም። ለጥር 11 ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፤ ሆቴሎችም ሥራ የሚያውቅ ሰው የሚፈልጉት ያኔ ነው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ካልተፈተንሽ ከዚያ በፊት ጨርሺ። ሲቪሽ ላይም «አስተናጋጅ ነበርኩ» ብለሽ አትለፊ፤ በአንድ ሺፍት ስንት ጠረጴዛ እንደያዝሽ፣ የካሽ ማሽን እንደምትሠሪ፣ ከውጭ እንግዳ ጋር በምን ቋንቋ እንደምትግባቢ ጻፊ። እንግዳ መቀበያ ዴስክ ለመግባት የሚጠየቀው ይኸው ነው።

በአዲሱ ቦታ ደመወዝ ስትደራደሪ «ሰርቪስ ቻርጁ ብቻ ብዙ ነው» በሚል ቃል አትታለዪ። ሕጉ ሰርቪስ ቻርጅን ደመወዝ አይለውም፤ የዓመት ፈቃድሽም ሆነ የስንብት ክፍያሽ የሚሰላው በደመወዝሽ ነው።

የሙከራ ጊዜሽ ከ60 የሥራ ቀናት በላይ ሊሆን አይችልም። ውልሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ መቼ እንደሚያልቅ ቆጥሬ እነግርሻለሁ።