የሞተ የጆሮ ሴል ይመለሳል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አባትህ ደብረ ሲና ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጆሯቸው ደከመ፤ «የሞተው ሴል በመድኃኒት ይመለሳል ወይ?» ብለሃል። እስካሁን አይመለስም።

በውስጠኛው ጆሮ ቀንድ አውጣ የሚመስል ክፍል አለ። በያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሴሎች ይዟል። ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ጩኸት ሲበዛባቸው ውስጣቸው ጎጂ ሞለኪውሎች ይጠራቀማሉ። ከዚያ ሴሉ ራሱን በራሱ ያጠፋል። እንደ ጄንታማይሲን ያለ የፀረ ባክቴሪያ መርፌም ሊገድላቸው ይችላል። ዶሮ እንኳ የሞተባትን ሴል መልሳ ታበቅላለች፤ እኛ አልታደልንም።

የኔም አጎት ወፍጮ ላይ ነበሩ። ቡና ላይ ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፣ ወሬውን ግን አልሰሙትም። የልጅ ልጃቸው ቀጭን ድምፅ ነበር ቀድሞ የጠፋባቸው። ጩኸት መጀመሪያ የሚነካው ቀጭኑን ድምፅ የሚሰሙትን ሴሎች ነውና። የማዳመጫ መሣሪያ ካደረጉ ወዲህ ጨዋታው ተመልሷል።

አንተም ደብረ ብርሃን ወስደህ አስመርምራቸው። ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል። የሞቀ ዘይት ግን እንዳታፈሱባቸው፣ አደራ! አሁንም ወፍጮ ቤት የሚውሉ ከሆነ የጆሮ መከላከያ ግዛላቸው። ድንገት በአንድ ቀን የጠፋ መስማት ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ውሰዳቸው።