«ተበተኑ!» ከተባለ በኋላ ቆሞ መገኘት

ጥያቄ፦ ወንድሜ ትናንት ማታ ከሥራ ሲመለስ መንገዱ በሰልፈኛ ተዘግቶ አገኘው። ድንጋይ መወርወር ሲጀመር ፖሊስ በድምፅ ማጉያ «ተበተኑ!» አለ። እሱ ጥግ ይዞ በሞባይሉ ሲቀርጽ ተያዘ። ሰልፉ ፈቃድ አልነበረውም አሉን። ይፈረድበታል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይዞዎት። «ፈቃድ» ከምትለዋ ቃል ልጀምር። ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚለው አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ ነው። ማሳወቅና ማስፈቀድ ለየቅል ናቸው፤ በተግባር ግን ሁሉም «ፈቃድ» ይለዋል። ለማንኛውም የማሳወቁ ግዴታ የአዘጋጆቹ እንጂ የመንገደኛ አይደለም።

ወንድምዎን የሚያሰጋው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 488፣ ማለትም ሁከት ነው። ይህ አንቀጽ ጠንከር ይላል። ሕገወጡ ስብሰባ በሰው ወይም በንብረት ላይ በኅብረት ጉዳት ካደረሰ፣ በገዛ ፈቃዱ የተሳተፈ ሁሉ ሊቀጣ ይችላል፤ ድንጋይ ባይወረውርም። ቁልፉ «በገዛ ፈቃዱ የተሳተፈ» የሚለው ነው። መንገድ ተዘግቶበት የቆመ ሰው ተሳታፊ አይደለም።

ፖሊስ መንገዱን ማስለቀቅ ይችላል፤ ኃይል ቢጠቀምም ከሚያስፈልገው በላይ መሆን የለበትም። ትእዛዙን ሰምቶ መቆየት ብቻውን ሁከተኛ አያደርግም። ዳኛው ግን «ለምን አልሄድክም?» ማለቱ አይቀርም። መውጫ ካልነበረ ያንኑ በግልጽ ይናገር።

አሁን ሌላ 48 ሰዓት አለ፣ ከላይኛው ጋር እንዳይምታታብዎ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ዝም የማለት መብትም አለው። ፖሊስ የምርመራ ቀጠሮ (እስር ላይ አቆይቶ ለመመርመር ተጨማሪ ጊዜ) ቢጠይቅ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ እዚያው ዋስትና ይጠይቅ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እርስዎ ዛሬውኑ የሥራ መውጫ ሰዓቱን የሚያሳይ ወረቀት ከመሥሪያ ቤቱ ያምጡ። በአካባቢው ያየው ባለሱቅ ካለ ያነጋግሩ። ሞባይሉ ኤግዚቢት (የማስረጃ ዕቃ) ሆኖ ከተያዘ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ቪዲዮው ሁለት ስለት ነው፤ ጥግ ላይ መቆሙን ያሳያል፣ ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደቆየም ያሳያል። ስለዚህ ጠበቃው ከመከራከሩ በፊት ወንድምዎ ምን እንደቀረጸ በዝርዝር ይንገረው።