መልስ፦ የከተማና ክልላዊ ጂኦግራፊ ሽምደዳ ነው ወይስ ስሌት?

«ሒሳብ ስለማልወድ ጂኦግራፊ ይሻለኛል ወይ?» ላልከው፦ ወንዝና ተራራ መሸምደድ 12ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስና ጂአይኤስ (ካርታና የቦታ መረጃ በኮምፒውተር የሚተነተንበት ሥርዓት) አያመልጡህም። ደግነቱ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ውጤቱን ማንበብ ነው።

የደረጃና መጠን ሕግ የሚባለውን ውሰድ። ሁለተኛው ከተማ የአንደኛውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶውን ሕዝብ ይይዛል ይላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ገደማ ነበረች፤ በሕጉ ሁለተኛው ከተማ 1.37 ሚሊዮን መሆን ነበረበት። ሁለተኛዋ ድሬዳዋ ከተማ ግን 233 ሺህ ገደማ ነበረች፤ ወደ 12 እጥፍ ልዩነት! ማካፈሉን ማንም ይችላል። ነጥብ የሚያሰጠው «ለምን?» የሚለው ነው፦ መንግሥት፣ ፋብሪካ፣ ዋና ዋና መንገዶች አንድ ቦታ ሲከማቹ ምን ይከተላል?

ተማሪ በብዛት የሚሰናከለው ጂአይኤስ ላይ ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (ዳተም ማለት የቦታ ልኬት የሚጀምርበት መነሻ ነው) የተሠሩ ናቸው፤ የስልክህ ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ይሠራል። ሳትቀይር ከደራረብካቸው ነጥቦቹ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታሉ፤ ትምህርት ቤቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል። የዩቲኤም ዞኑንም (ዓለም በካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተከፈለበትን ባለቁጥር ሰቅ) እይ፦ አዲስ አበባ 37፣ ጋምቤላ 36፣ ጅጅጋ 38።

የጂአይኤስ ካርታ መረጃ የሚቀመጥበት ሻፕፋይል ደግሞ አንድ ፋይል አይደለም። ኤስኤችፒውን ብቻ በፍላሽ ይዘህ ከሄድክ አይከፈትልህም፤ ኤስኤችኤክስ፣ ዲቢኤፍና ፒአርጄ አብረው ይገልበጡ። ሶፍትዌር አትግዛ፣ ኪውጂአይኤስ የተባለው የጂአይኤስ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃሃል።