«ይበልጣል» ካለ መደመር ነው?

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደምሩ ወይም ቀንሱ ሲባሉ እምብዛም አይሳሳቱም፤ ያው ስሌት በቃላት ፕሮብሌም ሲመጣ ግን ይደናገራሉ። እንዲቀላቸው ብዬ «በድምሩ» ወይም «ይበልጣል» ካለ ደምሩ፣ «ቀረ» ካለ ቀንሱ የሚል ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። በቅርቡ በሰጠሁት ፈተና «ሄለን 45 ብር አላት፤ ይህም ከወንድሟ ገንዘብ በ12 ብር ይበልጣል። ወንድሟ ስንት ብር አለው?» ብዬ ብጠይቅ አብዛኞቹ 57 ብለው መለሱ። ሁሉንም ዜሮ መስጠት ከበደኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ልጆቹ የፈጸሙት የታዘዙትን ነውና በቅድሚያ ሰንጠረዡን ከግድግዳው ያንሡት። «ይበልጣል» የሚለውን አይተው ደመሩ እንጂ የሚበልጠው የማን ገንዘብ እንደሆነ አልጠየቁም። «ቀረ»ም ቢሆን አያስተማምንም፤ ከኪሷ 18 ብር አውጥታ 27 ብር የቀራት ልጅ መጀመሪያ ስንት እንደነበራት የሚታወቀው በመደመር ነው።

ቁጥር ለቅሞ መሥራት የእርስዎ ክፍል ጠባይ ብቻ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በፈረንሳይ ግሮኖብል ከተማ 97 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች «መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ፣ 76ቱ ከእነዚሁ ቁጥሮች ዕድሜ አውጥተው ሰጥተዋል።

የሚሻለው፣ ፕሮብሌሙን መጀመሪያ ቁጥሮቹን ሸፍኖ እንደ ተረት ማንበብ ነው። ሄለን ገንዘብ አላት፤ የእሷ ከወንድሟ ይበልጣል። አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይሥል፦ ረጅሙ የሄለን፣ አጭሩ የወንድሟ። ከዚያ በኋላ 45 በረጅሙ መስመር፣ 12 ደግሞ አጭሩ በጎደለበት ቦታ ላይ ሲጻፍ፣ 57 ያለው ልጅ የወንድሟ መስመር ከሄለን ሊረዝም እንደሆነ በዓይኑ ያየዋል። የጥያቄው አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በአማርኛ ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «እናቷ ከሰጠቻት ላይ ለታክሲ ከፍላ የተረፋትን ከወንድሟ ጋር እኩል የተካፈለችው ልጅ» እያልን ስንደራርብ የምንፈትነው ሒሳብ ሳይሆን ትንፋሽ ይሆናል። በሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ቢከፍሉት ሒሳቡ ያው ነው።

እርማቱን በተመለከተ፣ አንዱን ፕሮብሌም ከ4 ነጥብ ቢይዙት መልካም ነው፤ የተጠየቀውን በሥዕል ወይም በራሱ ቃል ለገለጸ 1፣ ትክክለኛውን ስሌት ለመረጠ 1፣ ስሌቱን ሳይሳሳት ለሠራ 1፣ መልሱን ከታሪኩ ጋር አስማምቶ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ለጻፈ 1። እንዲህ ከሆነ 57 ያለውም ልጅ በትክክል ስለደመረ ባዶ እጁን አይመለስም። የመጨረሻዋን ነጥብ ግን ቸል አይበሏት። 50 ተማሪዎች ከፒያሳ ወደ እንጦጦ ቢሄዱና አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ቢይዝ ስንት ሚኒባስ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ፤ «4 ቀሪ 2» ያለ ተማሪ ማካፈሉን አልሳተም፣ ሁለት ልጆች ግን ፒያሳ ላይ ጥሎ ሄዷል። ክፍሉ የተጨናነቀ ከሆነ በሳምንት አንድ ፕሮብሌም በዚህ መንገድ ማረም ይበቃል።

የአሁኑን ፈተና ወረቀት ደግሞ ዜሮ ሳይጽፉበት፣ ከ57 አጠገብ «ብዙ ብር ያላት ሄለን ናት ወይስ ወንድሟ?» ብለው ብቻ ይመልሱላቸውና እንደገና ይሥሩት።