አከራይሽ ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ያልሰጡሽ ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ሕንድ አገር ቼናይ ከተማ ቤት አግኝተሽ፣ አከራይሽ ሰኞ ጠዋት 1፡30 ላይ «አሁን ራሁ ካላም ነው፣ ቁልፍ አልሰጥም» ብለው እንደመለሱሽ ጽፈሻል። «ሰበብ ፈልገውብኝ ይሆን?» ብለሽም ጠይቀሻል። እዚያው ቼናይ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ሰበብ አይደለም፤ ላንቺ አስበው ነው።

ራሁ በዓይን የሚታይ ኮከብ አይደለም። የጨረቃ መንገድ የፀሐይን መንገድ የሚያቋርጥበት ነጥብ ነው። በሂንዱዎች አፈ ታሪክ ደግሞ ፀሐይን እየዋጠ ግርዶሽ የሚያመጣ፣ አካል የሌለው ጭንቅላት ነው። በየቀኑ የእሱ የሚባል ሰዓት አለ። ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት ያለውን ጊዜ ለ8 ይከፍሉታል። ቀኑ 12 ሰዓት ከሆነ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሰኞ ሁለተኛው ክፍል የራሁ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከ1፡30 እስከ 3፡00 ማለት ነው። ማክሰኞ ሰባተኛው ነው፣ ከ9፡00 እስከ 10፡30። የቀኑ የመጀመሪያ ክፍል ግን መቼም ለራሁ አይደርሰውም። በራሁ ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም፤ ቀድሞ የተጀመረውን ግን አያቋርጡም።

የእኔ አከራይ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ በየቀኑ ገጹ የሚቀደድ የቀን መቁጠሪያ ነበር። እትዬ ጠዋት የትናንቱን ገጽ ቀድደው፣ ቡና ሳይቀምሱ «ናላ ኔራም» የሚለውን መስመር ያነባሉ፤ ደህና ሰዓት ማለት ነው። ሰኞ ፈተና ካለኝ ከ1፡30 በፊት ከቤት ያስወጡኝ ነበር። ኮሌጁ በር ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የገዛ እናቴ ከዚህ በላይ አትጨነቅልኝም።

እኔን የከበደኝ ቲቲ የሚሉት የጨረቃ ቀን ነው። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይቆጠራል፤ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ናቸው። የጨረቃ ፍጥነት ስለሚለያይ አንዱ 19 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቀኑ የሚጠራው ፀሐይ ስትወጣ በነበረው ቲቲ ነው። ስለዚህ አንዱ ቲቲ ከንጋት በኋላ ጀምሮ ከሚቀጥለው ንጋት በፊት ካለቀ ይዘለላል፤ ከ8ኛው ቀጥታ ወደ 10ኛው ልትሄጂ ትችያለሽ። በ2024 ዲዋሊ የሚሉትን የብርሃን በዓል አንዳንዱ ኦክቶበር 31፣ ሌላው ኖቬምበር 1 ያከበረው ጨረቃ የምትጠፋበት ቲቲ ሁለቱንም ቀን ስለነካ ነው። አስራ ሁለቱ የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያንሳሉ፤ የኛ ባሕረ ሐሳብ ጥንተ አበቅቴ 11 የሚለው ይህንኑ ነው። በጨረቃ ወር የሚቆጥሩት ሂንዱዎች ልዩነቱ ሲጠራቀም፣ በ32 ወይም በ33 ወር ገደማ አንድ ወር ይጨምራሉ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። «የምገባበትን ሰዓት እርስዎ ይምረጡልኝ» በያቸው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ያለው አዲ የሚሉት ወር ከሆነ፣ ብዙዎች ቤት ስለማይቀይሩ ቀደም ብለሽ ጠይቂ። ስትገቢ ወተትና ድስት ያዢ። በአዲስ ቤት መጀመሪያ የሚጣደው ወተት ነው፤ ገንፍሎ እንዲፈስም ይፈለጋል፣ የበረከት ምልክት ነው። ምድጃው ቆሸሸ ብለሽ እሳቱን አትቀንሺ። እሳቸው «በቃ» እስኪሉሽ ጠብቂ።